አብሽር የሚለው ዋሻ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው መፍራት ካቆመ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሰዉ ጀግና ስለሆነ አይደለም። ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ግራ እጁ ላይ አረጋጊ ስለሚያስር ነው። ልብህ ከመጠን በላይ መምታት ስትጀምር አረጋጊው ቆዳህን ቀዝቀዝ ያደርግልህና በለስላሳ የሴት ድምፅ «አብሽር» ይልሃል፤ ሴት ከሆንሽ «አብሽሪ»። በሌላው ከተማ «አይዞህ» ነው የሚለው። እዚህም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር፤ ግን የኮምቦልቻ ሰው «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት» እያለ አልሰማ ስላላት በወሎ አፍ ተቀየረለት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተስማማ።

ኳስ ሜዳ ጎል ሲገባ ሜዳው በሙሉ አብሽር አብሽር ይላል፣ ደጋፊውም ተመልሶ ቁጭ ይላል። ሙሽሮች ሲፈራረሙ ይላል። ፈተና ሲጀመር ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ገበያ ውስጥ ጫማ አንስተህ አረጋጊህ ካወራ አለቀልህ፣ ነጋዴው መውደድህን አውቆብሃል። ሰው ለምዶታል። ለምዶታል ማለት፣ አንድ ቀን ዝም ቢል ነው ግራ የሚገባው።

ሩቂያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ የአሮጌ ልብስ መለያ ሼድ ውስጥ ትሠራለች። ከዓለም ዙሪያ የተጣለ ልብስ በኮንቴይነር ይመጣል፤ ጥጡን ከፕላስቲኩ በጣቷ ዳብሳ ትለያለች። ማሽኑ እርጥብ ልብስ ሲያገኝ ይሳሳታል፣ እሷ አትሳሳትም። ይኼንን ደግሞ ለሰማውም ላልሰማውም ትናገራለች። አፏ አያርፍም። እናቷ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን አስቀጥረሽው ቢሆን እስካሁን ቤት ሠርተናል» ትላታለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ምላሷ የምትፈለግበት ቦታ አለ። የጋሽ እንድሪስ ጆተኒ ቤት። ጆተኒ ከቀረ ቆይቷል፤ ጎል በገባ ቁጥር የሁሉም እጅ ሲያወራ ጨዋታው አልጥም አለ። ጋሽ እንድሪስ ብረቶቹን ነቅለው ጣውላ ከላይ አነጠፉና ጠረጴዛ አደረጉት። አሁን እዚያ ላይ የሚጫወቱት በወሬ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ሰው ይሆናሉ። ተራኪው «በሩ ተከፈተ» ይላል። አንዱ «እኔ እገባለሁ» ይላል። ገብቶ ይተርፍ አይተርፍ ዳይስ ይወስናል። ስክሪን የለ፣ መነፅር የለ፣ ሰውና ጣውላ ብቻ።

በዓመት አንዴ፣ በመስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ዓለም ይመረጣል። ዓመቱን ሙሉ ታሪኩ የሚሆነው በዚያ ዓለም ነው፤ ዓለሙን ያመጣው ሰው ደግሞ ተራኪ ሆኖ ከአሮጌ አውቶቡስ በተነቀለው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዘንድሮ «ወደፊት የሚሆን፣ የሚያስፈራ ዓለም ይሁን» ተባለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ስላልፈራ ሁሉም ደስ አለው። ደንቡንም አወጡ፦ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ፤ ብዙ ጊዜ አረጋጊ ያስወራ ያሸንፋል፤ እኩል ከሆኑ ያለፈው ዓመት ተራኪ ይቀጥላል።

ሩቂያን ያሳሰባት ሌላው፣ የቆየው ደንብ ነው። ሦስት ጊዜ አቅርቦ ያልተመረጠ ሰው ከዚያ ወዲያ ተጫዋች ብቻ ሆኖ ይቀራል። እሷ ሁለቴ ወድቃለች። አንደኛው ዓመት በጎች መኪና የሚነዱበት ዓለም አምጥታ ሰው ሳቀ፣ ግን መሳቅ ያለበት ቦታ ላይ አልነበረም። ሁለተኛው ዓመት መጨረሻውን ራሷ ረሳችው። ይኼ ሦስተኛዋ ነው። ያንን ወንበር ደግሞ ከምንም በላይ ትፈልገዋለች። ሼዱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሰማት እርጥብ ልብስ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ አንድ ሽበታም ሰውዬ ተኝቷል። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ድንገት አረጋጊው «አብሽር» አለው። ሕልም አይቶ ይሆናል፣ ወይ ልቡ ዝም ብላ ዘልላ ይሆናል። ሰውዬው ነቃ። መጀመሪያ እጁን አየ። ከዚያ መስኮቱን። ከዚያ ሹፌር የሌለውን የሹፌር ቦታ።

«ምን ተፈጠረ?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም፤ ሁሉም ምን እንደተፈጠረ ለማየት ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ከፊት አንዲት እናት ልጇን ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ውጭ ምንም የለም። ያው ፋብሪካ፣ ያው አስፋልት። ሆኖም አውቶቡሱ እስኪቆም ድረስ አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰም።

ሩቂያ ስትወርድ ብቻዋን ትስቃለች። ሰውዬው ተኝቶ ሳለ አልፈራም። የፈራው አብሽር ከተባለ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰበ። ጋሽ እንድሪስ ደንብ ጠባቂም ተጫዋችም ናቸው። አንሻ ፀጉር ሠሪ ናት፣ የሩቂያ ጎረቤት፣ እንዲያውም ሩቂያን በጡጦ ያሳደገቻት ይመስል የምትቆጣት። ይመር ጭነት ያወርዳል፤ ሲቆም ጣሪያውን ይነካል፣ ድመት ሲያይ ግን መንገድ ይለቃል። ናትናኤል ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ተራኪ ሆኗል፣ የአውቶቡሱ ወንበርም የእሱን ቅርጽ ይዟል።

ናትናኤል ጀመረ። ዘጠና ገጽ አምጥቷል፣ ከነካርታው። ከሳተርን ቀለበት ወዲያ የጠፋች መርከብ፣ ውስጧ ፍጡር።

«አሥራ አንድ አፍ አለው» አለ። «በእያንዳንዱ አፍ ውስጥ ደግሞ ሌላ አፍ።»

«ጥርሱን ማን ይቦርሽለታል?» አለች አንሻ።

«አንሻ፣ በናትሽ።»

«ጠየቅኩ እንጂ።»

ይመር ከጠረጴዛው ላይ ቆሎ አፈሰ። «ይበላኛል?»

«ዳይስ ጣል።» ይመር ጣለ። «ሁለት። ይበላሃል።»

«እሺ ይብላኝ» አለና ይመር ቆሎውን ቀጠለ።

ሃያው ደቂቃ አለቀ። የማንም እጅ አልተነፈሰም። ጋሽ እንድሪስ «ዜሮ» አሉ፤ ግን እንዳይከፋው ቀስ ብለው ነው ያሉት።

ናትናኤል አልከፋውም። ገጾቹን ሰብስቦ አስተካከለ። «ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ሳይንስ ነው። አረጋጊ ባለበት ማንንም ማስፈራት አይቻልም። ስለዚህ ዜሮ ለዜሮ እንሆናለን፣ እኔም እቀጥላለሁ። በይ ስድስተኛ ክፍል፣ ተራሽ ነው። ጽሑፍሽ የት አለ?»

«አልጻፍኩም።»

«ካርታስ?»

«ጨለማ ነው። የጨለማ ካርታ ምን ያደርግልሃል?»

አንሻ ሳቀች። ሩቂያ ግን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ሁለቱን እጆቿን ጣውላው ላይ አሳረፈች፣ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«ከዛሬ መቶ ዓመት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ከርራለች፣ ውጭ መቆም አይቻልም። ኮምቦልቻ ዮጎፍ ተራራን ቆፍራ ውስጥ ገብታለች። ገበያው ዋሻ ውስጥ ነው፣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ዋሻ ውስጥ ነው። እናንተ አራታችሁ ውኃ ቀጂ ናችሁ። ከታች ካለው ጉድጓድ በጀሪካን ትቀዳላችሁ። መብራት ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

«በመብራት መጥፋት ነው የምታስፈራሪን?» አለ ናትናኤል። «አያቴ በመብራት መጥፋት ነው ያደገችው። ምንም አልሆነችም።»

«የአያትህ ዋሻ ውስጥ ግን ይኼ ነገር አልነበረም። ዓይን የለውም። የሚሰማው የልብ ምት ነው። ልብህ ቀስ ካለች በአጠገብህ ያልፋል። ከፈጠነች ይመጣል። ብዙ ሰው በልቷል። ከበላቸው ሰዎች እጅ ላይ አንድ ቃል ተምሯል፣ ሌላ ቃል አያውቅም። አጠገብህ ሲደርስ፣ ከመንካቱ በፊት፣ ያንን ቃል ይላል። በለስላሳ የሴት ድምፅ። ለወንድ እንደ ወንድ፣ ለሴት እንደ ሴት አድርጎ።»

«ምን ብሎ?» አለች አንሻ።

«ታውቂዋለሽ።»

አንሻ የራሷን እጅ አየች። ከዚያ መጨማደዱን የምታስተካክል መስላ የቀሚሷን እጅጌ ጎተት አድርጋ ሸፈነችው። ናትናኤል ሊስቅ ጀምሮ መንገድ ላይ ተወው።

«አሁን እየተመለሳችሁ ነው» አለች ሩቂያ። «አንድ ገመድ ሁላችሁም ይዛችኋል። ከፊት ማን አለ?»

«እኔ» አለ ናትናኤል።

«ቀጥሎ?»

«እኔ፣ ከዚያ ጋሽ እንድሪስ» አለች አንሻ። «ይመር ከኋላ ይሁን። ትልቅ ነው።»

«ለምን እኔ ከኋላ?» አለ ይመር።

«ትልቅ ነህ አልኩ እኮ።»

«ዳይስ አንጥልም?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ገና ነው ጋሼ። ይመር፣ ጀሪካንህ ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

«ክዳኑስ?»

«ጥብቅ አድርጌ ዘግቼዋለሁ» አለ ይመር።

«ጎበዝ። ትሄዳላችሁ። ከፊትህ የጋሽ እንድሪስ እግር ይሰማሃል። ከሳቸው ፊት የአንሻ ጫማ። ከኋላህ ደግሞ ጠብ የሚል ነገር ትሰማለህ። ጠብ። ጠብ። ጀሪካንህን ዳሰስከው። ደረቅ ነው፣ አያፈስም።»

ይመር ቆሎውን አስቀመጠ።

«ትቆማለህ፣ ጠብ ማለቱ ይቆማል። ትሄዳለህ፣ ይሄዳል። ለሌሎቹ ትነግራቸዋለህ?»

«አልነግራቸውም» አለ ይመር። «ልባቸው ይመታል።»

«ያንተስ? ልብህ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«እርግጠኛ ነህ? እሱ ካንተ ይልቅ ይሰማታል። ገመዱ ከኋላህ ከረር አለ። አሁን አንገትህ ላይ ትንፋሽ አለ። ቀዝቃዛ ነው። ሊናገር አፉን ከፈተ።»

እዚህ ላይ ሩቂያ ዝም አለች። ቃሉን አልተናገረችም። በበሩ ስንጥቅ የከሰዓት ፀሐይ ይገባል፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ ያልፋል፣ የሚያስፈራ ምንም የለም። ዝም ብላ ይመርን አየችው። ይመርም አያት። ትልቁ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

«አብሽር» አለ የይመር እጅ።

ይመር ተነሣ ማለት አይቻልም፤ ወንበሩ ነው ከሥሩ የሸሸው። ጣሪያውን በጭንቅላቱ መታው። ቆሎው ተበተነ። አንሻ «ወይኔ እናቴ» ከማለቷ ከቀሚሷ እጅጌ ሥር «አብሽሪ» ተባለች፣ እጇንም ከገላዋ ልትጥለው የፈለገች ይመስል ዘርግታ ያዘችው። ጋሽ እንድሪስ «ተረጋጉ፣ ተረጋጉ» ሲሉ የራሳቸው እጅ «አብሽር» አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ተረጋጉ አላሉም። ናትናኤል በሩ ጋ ነው። እንዴት እንደደረሰ ራሱም አያውቅም።

አረጋጊ የተሠራው ለማረጋጋት ነው። የፈራ ሰው ሲያገኝ አብሽር ይላል። አሁን ግን አብሽር ሲል ሰው ይፈራል፣ ሲፈራ ደግሞ እንደገና አብሽር ይላል። አራት እጅ እየተቀባበለ፣ በዚያ በለስላሳ ድምፅ፣ አብሽር፣ አብሽሪ፣ አብሽር፣ አብሽር። የሠሩት ሰዎች ይኼን አላሰቡትም። ከመካከላቸው ቅዳሜን ጆተኒ ቤት የሚያሳልፍ አልነበረም ማለት ነው።

አምስተኛው እጅ የሩቂያ ነው። «አብሽሪ» ሲላት ጀርባዋ ላይ የሆነ ነገር ወረራት። የራሷን ውሸት ፈራች። እንዲህ ዓይነት ነገር አጋጥሟት አያውቅም፤ ደስ አላት፣ ደግሞ ማልቀስ አማራት። እንዴት እንደሚቆም ግን አላሰበችበትም ነበር። አንሻን አየቻት፣ ከንፈሯ ነጥቷል። ያኔ ሩቂያ ተራኪ እንደሆነች ትዝ አላት።

«አለፈ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ይመር፣ አልነካህም። በአጠገብህ አለፈ። ገመዱ ላላ። ጠብ ጠብ የሚለው እየራቀ ነው። ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ውኃው ውስጥ ገባ። ሄደ።»

እጆቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መጀመሪያ የጋሽ እንድሪስ፣ መጨረሻ የይመር። አረጋጊዎቹ ያቃታቸውን አንዲት ልጅ በጥቂት ቃል ጨረሰችው።

«ይኼ አይቆጠርም» አለ ናትናኤል ከበሩ እየተመለሰ። «ያስፈራን አረጋጊው ነው እንጂ እሷ አይደለችም።»

«ከሰባት ዓመትህ ጀምሮ አብሽር ሲልህ ኖሯል» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ሮጠህ ታውቃለህ?»

«አልሮጥኩም። ወደ በሩ ሄድኩ።»

«ወንበሩን ረግጠህ ነው የሄድከው» አለች አንሻ።

«ስንት ሆነ ጋሼ?» አለች ሩቂያ።

«እስከ አርባ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ተውኩት። የራሴንም...»

ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተ። ሲስተር ዘነቡ ናት፣ የቀበሌው ጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሮጣ ስለመጣች ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ የለም። አምስት አረጋጊ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ ሳያቋርጥ ከጮኸ መልእክቱ በቀጥታ እሷ ጋ ይደርሳል። ባለፈው እንዲህ ሲሆን ጣሪያ ወድቆ ነበር። ጣሪያውን አየች። አልወደቀም። ሰዎቹን ቆጠረች።

«ምንድን ነው? ማን ተጎዳ?»

«ማንም» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ታዲያ ማን ነው ይኼን ያደረገው?»

ሁሉም ሩቂያን አየ። ይመር እንኳ፣ ሊደብቃት እየፈለገ፣ አያት።

«እኔ ነኝ» አለች።

«በምን?»

«በአፌ።»

ሲስተር ዘነቡ ታብሌቷን አወጣች። በሌላኛው እጇ ቢጫ ማሸጊያ ይዛለች፤ አንዴ በሩ ላይ ከተለጠፈ የጋሽ እንድሪስ ቤት ዓመት አይከፈትም፣ ጠረጴዛም ወንበርም የለም። ሩቂያ ቢጫውን አየችው። አርባ ጊዜ አሸንፋ በአንድ ወረቀት ልትሸነፍ ነው።

«ምክንያት የሚለው ላይ እሳት፣ ጎርፍ፣ ጠብና ሌላ ነው ያለው» አለች ሲስተር። «አፍ የሚል የለም። ከመጀመሪያው ንገሪኝና እሞላዋለሁ። እንዳትዋሺኝ።»

«ሁሉም ውሸት ነው እኮ ሲስተር።»

«እሱኑ ንገሪኝ።»

ሩቂያ ነገረቻት። ፀሐይዋን፣ ተራራውን፣ ጀሪካኑን። ሲስተር ቆማ ትጽፋለች። «ገመዱ ስንት ሜትር ነው?» አለች። ጻፈች። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ መብራት ሲጠፋ ኃላፊ የሚባል ሰው የለም?» ጻፈች። ቃሉን ስለሚያውቀው ነገር ስትሰማ መጻፏን ቀነሰች። ጠብ ጠብ ሲል አቆመች።

«ከኋላ ያለው ይመር ነው አይደል?» አለች ሲስተር።

«አይ» አለች ሩቂያ። ይኼን እዚያው ነው የፈጠረችው። «ከይመር ኋላ ነርሷ አለች። ሰው ታሟል ብለዋት ዘግይታ የወጣች። ገመዱን ጫፉን ነው የያዘችው። ከኋላዋ ሰው የለም። የተከፈተ በር ብቻ ነው ያለው።»

ሲስተር ዘነቡ የገባችበት በር ከጀርባዋ እንደተከፈተ ነው።

ዞራ አላየችም። ላለማየት ስትታገል ግን አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይታይ ነበር።

«አብሽሪ» አለ እጇ።

ታብሌቱ ከእጇ ወደቀ። ሄዳ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው፣ መቀርቀሪያውንም ሁለቴ አረጋገጠች። ከዚያ በሩን ተደግፋ ቆየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንሻ ታለቅሳለች ብላ ተነሣች። ሲስተር ግን ትስቅ ነበር። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅ እስኪያጥራት።

«አሥራ ሁለት ዓመት ይኼን ነገር ለሰው አስሬያለሁ» አለች ሳቁ ሲበርድላት። «እኔን ሲያስፈራኝ ግን የመጀመሪያው ነው።»

ታብሌቱን አነሣች። «ሌላ» የሚለውን ነካች፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጻፈች።

«ምን ብለው ጻፉ?» አለች ሩቂያ።

«ሰዎቹ ደህና ናቸው፣ ክትትል ያስፈልጋል ብዬ።» ቢጫውን ማሸጊያ አጥፋ ኪሷ ከተተችው፣ በርጩማም ስባ ከይመር ቀጥሎ ተቀመጠች። «በይ ቀጥይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ጋሽ እንድሪስ ጣውላውን በመዳፋቸው መቱት። «ተመርጧል። ዓመቱ የሩቂያ ነው።»

ናትናኤል የአውቶቡሱን ወንበር አየው፣ ጋሽ እንድሪስን አየ። የሚከራከር መስሎ አፉን ከፈተ፣ ግን የከፈተው አፍ ሌላ ሐሳብ ነበረው። ዘጠና ገጹን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠና ከይመር ማዶ ተቀመጠ። ሩቂያ ወንበሩ ላይ ወጣች። ወንበሩ ለእሷ ሰፊ ነው፤ መሐል ላይ ተደላደለች፣ ግራና ቀኙን መደገፊያ በክርኖቿ ያዘችው።

«ከፊት ያለሁት እኔ ነኝ» አለ ናትናኤል። ድምፁ የኮሌጅ አልነበረም። «ምን ይታየኛል?»

«ጨለማ ነው አልኩህ እኮ፣ ምንም አይታይህም። ምን እንደምትነካ ጠይቀኝ።»

ናትናኤል እጁን ወደፊት ዘረጋ። «ምን እነካለሁ?»

አምስት ሰው አፍ አፏን ያያል፤ ሁለት ሜትር ሙሉ ይመር ትንፋሹን ይዟል፣ ሲስተር የይመርን እጅጌ ይዛለች። ሩቂያ መልሱን ታውቀዋለች። አልቸኮለችም። ቆሎ ከጣውላው ላይ አንድ ፍሬ አነሣች፣ አፏ ውስጥ ጨመረች፣ ቀስ ብላ አኘከች።